«በሞቴ» ለሚሉኝ ሁሉ

የቤቴ የቡና ሲኒ 60 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ይህን ያወቅሁት መርፌው በወለቀ ስሪንጅ ውሃ እየቀዳሁ ለክቼ ነው። ከመጋቢት ወዲህ ውሃዬን የምጠጣው በዚሁ ሲኒ ነው፤ በቀን 25 ሲኒ፣ ሲደመር አንድ ሊትር ተኩል። ስፌት መኪናዬ አጠገብ ሁለት ጣሳ አለኝ። ጠዋት 25 ቁልፍ ቆጥሬ በአንደኛው ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ አንድ ሲኒ ውሃ በጨረስኩ ቁጥር አንድ ቁልፍ ወደ ሁለተኛው ጣሳ ይሻገራል። ደንበኞቼ መጀመሪያ ላይ አዋቂ ቤት ሄጄ የታዘዝኩት ነገር መስሏቸው ነበር።

ድሬዳዋ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከቀፊራ ገበያ ብዙ አይርቅም። ዕድሜዬ 43፣ ቁመቴ አንድ ሜትር ከ62 ነው፤ ክብደት ለመቀነስ ብዬ ለጨጓራ ቀዶ ሕክምና በገባሁበት ቀን ክብደቴ 118 ኪሎ ነበር። ስኳር ነበረብኝ፣ ግፊት ነበረብኝ፣ ፔዳል በረገጥኩ ቁጥር የሚጮኽ ጉልበት ነበረኝ። ስንት ጊዜ ቀንሼ ስንት ጊዜ መልሼ እንደጨመርኩ እዚህ አልዘረዝርም፤ ይህን የሚያነብ ሰው ያንን ታሪክ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። የምጽፈው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስላሉት ወራት ነው፤ እኔ ስገባበት የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነበርና።

ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናውን «ስሊቭ» ይሉታል። ትርጉሙን ብጠይቅ «እጅጌ» አሉኝና ሳቅሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ እጅጌ ስቆርጥ ኖሬ በመጨረሻ ጨጓራዬ ራሱ እጅጌ ሊሆን! ነገሩ በእርግጥም ልብስ እንደ ማጥበብ ነው። ከጨጓራው ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነውን ቆርጠው ያወጡታል፤ የሚቀረው ጠባብ ረጅም ቱቦ ሲሆን ዳሩ በጥቃቅን የብረት ስፌት ይዘጋል። አዲስ ስፌት እንደማይጎተት ስለማውቅ የምግቡን ደረጃ ለመቀበል አልተቸገርኩም። መጀመሪያ እንደ ውሃ የቀጠነ፣ ቀጥሎ ወተትና የተጣራ ሾርባ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ፣ ጠጣር ምግብ ደግሞ ወደ ሁለተኛው ወር ግድም። ቀኑ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያልና የራሳችሁን ሐኪም ወረቀት ተከተሉ እንጂ የእኔን አትቅዱ። ያስቸገረኝ ሌላ ነበር። የተቆረጠው የእኔ ጨጓራ ነው እንጂ የጎረቤቴ፣ የአክስቴና የባሌ ገበታ አይደለም።

ቀዶ ሕክምናው የተደረገልኝ አዲስ አበባ በአንድ የግል ሆስፒታል ነው። ሆዴ ላይ የቀረው ምልክት አምስት ትንንሽ ጠባሳ ብቻ ነው። ከሁሉ ያመመኝ ግን ሆዴ ሳይሆን ትከሻዬ ነበር። ለካ ለሥራው ሲባል ሆድ የሚነፋበት ጋዝ ተርፎ ሲቀር ሕመሙ የሚሰማው ትከሻ ላይ ነው፤ መድኃኒቱም መራመድ ነው። በዚያው ዕለት ማታ ነርሷ አስነሥታ ኮሪደር ለኮሪደር አዞረችኝ። ማታ ረገምኳት፣ ሲነጋ መረቅኳት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እህቴ ቤት ቆየሁ። ከሩቅ ከተማ የምትሄዱ ይህን አትዝለሉት፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቀዶ ሐኪማችሁ አትራቁ። ትኩሳት፣ እያደር የሚብስ የሆድ ሕመም፣ ቁጭ ባላችሁበት የሚሮጥ የልብ ምት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ባት ማበጥ፣ ከእነዚህ አንዱ ከመጣ «ነገ ይሻለኛል» አይባልም፤ በሌሊትም ቢሆን ይኬዳል። ስፌቱ አፍስሶ ወይም ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል።

እኔን እግዚአብሔር ከዚህ ሁሉ አትርፎኝ ወደ ድሬ ተመለስኩ። በማግስቱ ጎረቤቶቼ ገንፎ ይዘው መጡ። መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤና በርበሬ የሞላበት፣ ለአራት ሰው የሚበቃ ገንፎ። ሆስፒታል ተኝታ የወጣች ሴት ሲባል እነሱ የሚያውቁት አራስን ነው፤ እኔም ልጅ የሌላት አራስ ሆንኩ። በዚያ ሳምንት የተፈቀደልኝ ወተትና የተጣራ ሾርባ ብቻ ነበር። «አንድ ማንኪያ ብቻ፣ በሞቴ!» አለችኝ አንዷ፣ ማንኪያውን አፌ አጠገብ አድርሳ። የጨጓራ ሕመም አለብኝ ብዬ ዋሸሁ። እንዲህ ያለ ውሸት ደግሞ ጣጣ አለው። የጨጓራ መድኃኒት የማያውቅ ሰው የለም፤ ተልባ፣ ማር፣ ጥቁር አዝሙድ በየተራ ይመጣልኝ ጀመር።

በእኛ አገር «በቃኝ» የሚለውን ቃል ማንም እንደ ቃል አይሰማውም። ይሉኝታ ነው ተብሎ ይታለፋል። በቃኝ ያለ እንግዳ ሊለመን እየጠበቀ ነው፤ ሦስቴ ተለምኖ እንቢ ካለ ደግሞ ተቀይሟል። እኔም ብሆን ስንቱን «እኔ ልሙት» እያልኩ አስጨንቄያለሁ። ስለዚህ አልፈርድባቸውም፤ ግን ውሸቱን ይዤ እንደማልዘልቅ ገባኝና ለአንዲት ጎረቤቴ እውነቱን ነገርኳት። አጥር ለአጥር የምንኖር ሙስሊም ሴት ናት፤ በዕድሜ እናቴ ትሆናለች። እኛ ድሬዎች አንቱታ ብዙም አይሆንልንምና «አንቺ» ነው የምላት። ሰምታኝ ዝም አለች፤ ከዚያ «ታዲያ ምን ልሥራልሽ?» አለችኝ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሰማሁት ሁሉ የጠቀመኝ ጥያቄ ይህ ነው።

ሮመዳን ሲገባ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዤ ነበር። ያቺ ሴት ቀኑን ሙሉ ጾማ ውላ ለማፍጠሪያ ከሠራችው ሾርባ ላይ የእኔን ቀድማ በወንፊት ታጠልልልኛለች። በግቢያችን ደግሞ እኛ ክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን። ወተትና እንቁላል መውሰዱ ከብዶኝ ንስሐ አባቴን ጠየቅሁ፤ «መድኃኒትሽ ነው፣ ውሰጂ» ብለው ገሠጹኝ። በዚህ የምትጨነቁ ካላችሁ ለብቻችሁ አትወስኑ፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከሐኪማችሁም ከሃይማኖት አባታችሁም ጋር ጨርሱት። የተሰጠኝ ትእዛዝ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን የሚል ነበር። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ገደማ ብቻ እንዳለው ሳውቅ ጨነቀኝ። እንቁላል፣ እርጎ፣ አይብ፣ የተፈጨ ምስር፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ በኋላም ዓሣ እያልኩ በቀን በአምስት ስድስት ትንንሽ ጊዜ ከፋፈልኩት። እንደዚያም ሆኖ ያልሞላበት ቀን ብዙ ነው።

የመጀመሪያውን ትልቅ ጥፋት የሠራሁት በውሃ ነው። በአራተኛው ሳምንት ሱቄን ከፈትኩ። የድሬን መጋቢት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ካውያ እየነደደ። በፊት ግማሽ ሊትር ውሃ በአንድ ትንፋሽ እጨልጥ ነበር፤ አሁን ሁለት ጉንጭ ከጠጣሁ ደረቴ ላይ ይቆማል። እያደር ጥም ራሱ ጠፋብኝ። ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቆረ፤ ሥራ ስለነበረብኝ ናቅሁት። በሦስተኛው ቀን የአንዲት ሙሽራ ወገብ እየለካሁ ሳለ በሜትሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ተደበላለቁብኝና ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። በቅርብ ያለ ክሊኒክ ወስደው ሁለት ከረጢት ፈሳሽ ሰቀሉልኝ። ያከመኝ ወጣት እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው አይቶ አያውቅም ነበር፤ «ውሃ በደንብ ጠጪ» ብሎ ሊሸኘኝ ሲል ከሆስፒታሉ የተሰጠኝን ወረቀት አውጥቼ አሳየሁት። ያን ወረቀት ከቦርሳዬ አልለየውም፤ እናንተም አትለዩት። በዚያው ቀን ለሐኪሜ ስደውል አንድ ነገር ጨመረችልኝ፦ ማስመለስ ለቀናት ከቀጠለ ፈሳሽ መተካት ብቻውን አይበቃም፤ ቫይታሚን ቢ1 ያልቅና ነርቭ ይጎዳል፤ ስለዚህ ቶሎ መታየት ያስፈልጋል። ቁልፍና ሲኒው የተጀመረው ከክሊኒኩ መልስ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት፣ በየሰዓቱ ሁለት ሲኒ ገደማ፣ በጉንጭ በጉንጭ። ከምግብ ጋር ግን አልጠጣም፤ በልቼ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ለስላሳና አምቦ ውሃ ከቤት ወጥተዋል።

ሁለተኛው ጥፋት ጣፋጭ ነበር። ለኢድ ያቺው ጎረቤቴ ለቤተሰቡ ሐልዋ ላከች፤ «ለአንቺ አይደለም» ብላ አስጠንቅቃ። ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ ሁለት ቁራጭ ዋጥኩ። ሩብ ሰዓት አልቆየም፤ ልቤ ከበሮ ሆነ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሆዴ ተገለባበጠ። የምሞት መስሎኝ አልጋ ላይ ተዘረጋሁ። ስኳሩ ሳይፈጭ በአንድ ጊዜ ወደ አንጀት ሲወርድ የሚመጣ ነገር ነው፤ ጨጓራን ከአንጀት ጋር በሚያገናኘው ሌላ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ላይ ይበረታል እንጂ በእኛም ላይ ይከሰታል። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ለቀቀኝ። ሐልዋ ግን እስከ ዛሬ ሽታው ያርቀኛል፤ በሆዴ ከተደረገው ሁሉ በነጻ ያገኘሁት ይህ ብቻ ነው።

ፋሲካ ሲደርስ አሥረኛ ሳምንቴ ነበር። ሳቢያን ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ተጠራን። በትሪው ዳር ቆንጥሬ እየበላሁ በሰላም ደርሼ ሳለ አክስቴ ያን ጉርሻዋን ጠቀለለች። እንጀራ፣ ዶሮ፣ አይብ፣ ከላይ የእንቁላል ግማሽ፤ ጡጫ አክሎ መጣ። «አክስቴ፣ አልችልም» አልኩ። «ስሞት!» አለች። ሃያ ሰው ያየኛል። ተቀበልኩት፤ አኝኬ አኝኬ ዋጥኩት።

ቆመ። ከደረቴ አጥንት ሥር ድንጋይ እንደዋጥኩ ቆመ። ወደ ታች አይሄድ፣ ወደ ላይ አይመጣ። ከዚያ ምራቄ ይጎርፍ ጀመር፤ ቀጭን ነጭ አረፋ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ግድግዳ ተደግፌ አርባ ደቂቃ ያህል አረፋ ስተፋ ቆየሁ። ውሃ መጠጣት ያባብሰዋል፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ መታገሥ ነው ያለው። በር ላይ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ፦ «ምን ሆነች?» «ዶሮው ነው?» «አርግዛ ይሆን እንዴ?» በ43 ዓመቴ! አክስቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ስወጣ ፊቷ እንደ መብራት በርቶ ነበር፤ እውነቱን ስነግራት የጠፋበት ፍጥነት እስካሁን ያሳዝነኛል። (እግረ መንገዴን፦ ክብደት ሲቀንስ ማርገዝ ይቀላል፤ ግን ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል እንዲቆይ ይመከራልና ወጣቶች ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት።)

ከዚያ ቀን ወዲህ የምበላበት መንገድ ተለወጠ። ጉርሻዬ ሽምብራ ታክላለች። ማንኪያው የሻይ ነው፤ በሁለት ጉርሻ መካከል ገበታው ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ዶሮው ወይም እንቁላሉ፣ ከዚያ አትክልቱ፣ ቦታ ከተረፈ እንጀራው፤ እንጀራና ትኩስ ዳቦ ሲታኘክ ሊጥ ሆኖ ስለሚጣበቅ መጨረሻ ላይ ነው ተራው። ሌላም ነገር ተማርኩ። የድሮው ጥጋቤ የሚሰማኝ ሆዴ ሲወጠር ነበር፤ የአሁኑ በቃኝ ግን የሚመጣው በአፍንጫዬ ነው። ልክ ሲደርስ አፍንጫዬ ይፈስሳል። አንዳንዱን ስቅ ይለዋል፣ አንዳንዱን ያስነጥሰዋል አሉ። ከዚያ በኋላ አንዲት ሽምብራ ብጨምር እከፍልበታለሁ። 43 ዓመት ሰውነቴ በቃኝ ሲል አልሰማሁትም ነበር፤ አሁን መሐረብ ይዞ ይነግረኛል።

ክብደቱ በመጀመሪያው ወር 11 ኪሎ ወረደ፤ በሦስት ወር 21፤ አሁን በስድስተኛው ወር 32። በመሐል፣ በአምስተኛው ሳምንት፣ ሚዛኑ ለ13 ቀን አልነቃነቅ አለኝና «ለካ በእኔ ላይ አልሠራም» ብዬ አለቀስኩ። ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እየዋልኩ ራሴን ለመለካት ያሰብኩት በ14ኛው ቀን ነው፤ ወገቤ አራት ሴንቲ ሜትር ጠብቦ ነበር። ሚዛናችሁን መደርደሪያ ላይ ወርውራችሁ ሜትር ግዙ። የስኳር መድኃኒቴን ሐኪሜ በመጀመሪያው ወር ቀነሰችው፤ የግፊቱን በኋላ። ራሳችሁ ግን አታቋርጡ። ለጉልበቴ እወስደው የነበረው ዳይክሎፌናክም ተከልክሏል፤ ጨጓራውን ያቆስላል፤ ሕመም ሲኖር ፓራሲታሞል ነው። ቫይታሚኑን፣ ብረቱንና ካልሲየሙን በየቀኑ እወስዳለሁ፤ ብረትና ካልሲየም አብረው አይዋጡምና ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቃቸዋለሁ፤ ብረቱን ከቡናና ከሻይም አርቃለሁ። ድሬ ላይ አንዳንዱ ከፋርማሲ ሲጠፋ እህቴ ከአዲስ አበባ ትልክልኛለች፤ የሁለት ወር መጠባበቂያ ያዙ።

ግንቦት ላይ ጸጉሬ መርገፍ ጀመረ። ትራስ ላይ፣ ማበጠሪያ ላይ፣ በስፌት ላይ ባለው ነጭ ቬሎ ላይ። ከቀዶ ሕክምናና ከፈጣን ክብደት መቀነስ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር የሚጠበቅ እንደሆነ፣ ሥሩ እንዳልሞተና ተመልሶ እንደሚበቅል ተነግሮኝ ነበር፤ ቢሆንም ማወቅና ማየት ይለያያሉ። ሹሩባ ማጥበቅ ትቼ ሻሽ አሰርኩ።

እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ ወሬው የመጣው። ሌላ ቦታ «ከሳሽ» ምስጋና ሊሆን ይችላል፤ እኛ ጋ ግን ክሳት የበሽታ ስም ነው። «ምነው? በደኅናሽ ነው?» ይሉኛል፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተመርምረሻል?» የሚሉም ነበሩ። አንዷ ደንበኛዬ ለብቻዬ ጠርታ የምታውቀው ጸበል እንዳለ ነገረችኝ። ሌላዋ ደግሞ ጉዳዩን ሰምታ «አይ፣ ቀላሉን መንገድ ነው የመረጥሽው» አለችኝ። ቀላሉን! ሜትሩን እንደያዝኩ ዝም ብዬ አየኋት፤ ቀሚሷን ግን ሳላስረፍድ ጨረስኩላት። ለማን እንደምትናገሩ፣ ለማን ዝም እንደምትሉ ከመግባታችሁ በፊት ወስኑ። ለሁሉ መናገር ግዴታ አይደለም፤ አብሯችሁ ገበታ ለሚቀርብ ሰው ግን ንገሩ።

ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ ድሬ ትታዘበኛለች። ከሰዓት በኋላ ከሴት ጓደኞቼ ጋር በርጫ ላይ እቀመጥ ነበር። ሐኪሟ በመጀመሪያ ስትጠይቀኝ «አልቅምም» ብዬ ዋሸሁ፤ ከፍርሃት ይሁን ከእፍረት እንጃ። በኋላ ነገርኳት። ምግብ ስለሚያስረሳ እኔ ደግሞ እንድበላ እየታገልኩ ስለነበር፣ አፍ ስለሚያደርቅ፣ እንቅልፍ ስለሚነሳ፣ አብሮት የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ስለሆነ እንድተወው ነገረችኝ። ቅጠሉን ከመተው ይልቅ የከበደኝ ስብስቡን ማጣት ነው። ሁለት ወር ከቤት ዋልኩ። አሁን የምዘመዝመውን ልብስ ይዤ ሄጄ አብሬያቸው እቀመጣለሁ፤ እጄ ሥራ ከያዘ አፌ አያምረውም።

ባሌ ደግሞ ሊረዳኝ ብሎ ጎዳኝ። እንዳያምረኝ ብሎ ምሳውን ሆቴል መብላት ጀመረ። አሥራ ስምንት ዓመት ከአንድ ትሪ በልተን፣ እኔ ሲኒዬን ይዤ ለብቻዬ ተቀመጥኩ። ሦስት ሳምንት ችዬ አንድ ማታ ፈነዳሁ። «ሆዴን ነው የቆረጡኝ፤ ሚስትነቴን አይደለም!» አልኩት። በማግስቱ ሁለታችንም በአንድ ትሪ ቀረብን፤ በእኔ በኩል የእንጀራ ቁራጭ፣ በእሱ በኩል የተለመደው። እሱ ሲጨርስ እኔ ግማሽ እደርሳለሁ፤ ተነሥቶ እጁን ይታጠብና ተመልሶ ይቀመጣል፣ እስክጨርስ ሰፈር ያወራልኛል።

ሐምሌ 19 ቁልቢ ሄድኩ። በእግር የሚሄዱ አሉ፤ እኔ በመኪና ነው። ከመኪናው ወርጄ ዳገቱን ስወጣ ግን ቆሜ አላረፍኩም። ስንመለስ አክስቴ ቤት ገባን፤ እንደገና ትሪ፣ እንደገና ሃያ ሰው። በዚህ ስድስት ወር የደረስኩበት አንድ ብልሃት አለኝ፦ የሚያጎርስ ሰው አፉን ማንም አያይበትም። ስለዚህ እጄን ታጥቤ ቀድሜ ገባሁበት። ልጆቹን አጎረስኩ፣ ባሌን አጎረስኩ፣ አማቾቹን በተራ አዳረስኩ፤ በመሐል በመሐል የእኔን ሽምብራ እየጣልኩ። አክስቴ ከወዲያ ማዶ ጠቅልላ ስትነሣ አየኋት። ቀድሜ ጠቀለልኩ፣ እንቁላሉን ከላይ ጨምሬ፣ «ስሞት፣ አክስቴ!» ብዬ አጎረስኳት። ያዘጋጀችውን ጉርሻ በእጇ እንደያዘች፣ ጉንጯ ተወጥሮ፣ በዓይኗ ብቻ አፈጠጠችብኝ።